አራት ነጥብ ወይስ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ? ከአማርኛ ጽሑፍ ሃሽ አወጣጥና አጠቃቀም

አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ኮምፒውተርና ሦስት ፕሪንተር የያዘች ጠባብ ቤት አለችኝ። እተይባለሁ፣ አርማለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ እጠርዛለሁ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ሰኔ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች በሩን ያጣብቡታል።

ባለፈው ሰኔ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፍላሽ ይዛ ገባች። እንቅልፍ እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። «እትዬ፣ እርስዎ ያረሙልኝ የትኛው ነው?» አለችኝ። ፍላሹ ላይ ሁለት ፒዲኤፍ አለ። አንዱ «የመጨረሻ» ይላል። ሌላው «የመጨረሻ ትክክለኛው»። ሁለቱም 94 ገጽ ናቸው። ጎን ለጎን ከፍተን አገላበጥናቸው፤ ልዩነት አላገኘንም። በማግስቱ ጠዋት ማስገባት አለባት። አማካሪዋ አይተው ያጸደቁት ደግሞ አንዱን ብቻ ነው።

ደግነቱ፣ ከሦስት ቀን በፊት የታረመውን ፋይል በቴሌግራም ስልክላት ከሥሩ 64 ፊደልና ቁጥር ጽፌላት ነበር። የሁለቱንም ፋይል እዚያው አወጣሁና አስተያየሁ። «የመጨረሻ» የሚለው ከላክሁላት ጋር አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ። ሌላው ገና ከመጀመሪያው ፊደል ተለየ። ኋላ ስንደርስበት፣ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለች ቁጥር ተነካክታ እንደገና ፒዲኤፍ ተደርጎ ነበር። በዓይን ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ እንፈልጋት ነበር።

ያ 64 ፊደልና ቁጥር ሃሽ ይባላል፤ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አሻራ በሉት። ፕሮግራም ለሚጽፉ ሰዎች ብቻ የተሠራ ይመስላል። እኔ ግን ጽሑፍ የሚቀባበል ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ፤ በተለይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው። ለምን በተለይ እንዳልኩ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

እኔ የምጠቀመው ሻ-256 የሚባለውን ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ መስፈርት ያደረገው ነው፤ ዛሬም አስተማማኝ ነው። አንድ ቃል አስገቡ፣ 94 ገጽ አስገቡ፣ የሚወጣው ሁልጊዜ 64 ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ናቸው የሚገቡበት። አንድ ዓይነት ጽሑፍ የእኔም ኮምፒውተር ላይ የእናንተም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ሃሽ ይሰጣል። ከሃሹ ተነስቶ ወደ ጽሑፉ የሚመልስ የታወቀ ስሌት የለም። አንዲት ነገር ብትነካ ደግሞ ሃሹ ከላይ እስከ ታች ይለወጣል።

አወጣጡ

ዊንዶውስ ላይ ለጀማሪ የምመክረው ሰቨን-ዚፕን ነው። ነጻ ነው። ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ ጻፉና ሴቭ አድርጉ። ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጉ፤ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ተጨማሪ አማራጮችን የሚያሳየውን መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ሲአርሲ ሻ የሚል ዝርዝር ታገኛላችሁ። እሱን ከፍታችሁ ሻ-256ን ምረጡ። ትንሽ መስኮት ይመጣል፤ ሃሹ እዚያ ላይ አለ።

ምንም ሳትጭኑ ማውጣት ከፈለጋችሁ ኮማንድ ፕሮምፕት አለ። ትእዛዙ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ደንበኛ ደውሎ ሲጠይቀኝ እንደማስጽፈው ላስጽፋችሁ፦ ሰርትዩቲል፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ሃሽፋይል ተጣብቀው፣ ክፍተት፣ የፋይሉ ስም፣ ክፍተት፣ ኤስኤችኤ256 ሳይነጣጠል። የመጨረሻዋን አትርሷት። ካልጻፋችኋት ኮምፒውተሩ ሌላ ዓይነት ሃሽ ሊያወጣላችሁ ይችላል፤ ርዝመቱ 64 ካልሞላ በዚያ ታውቁታላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ትእዛዙ ሻ256ሰም ነው። ማክ ላይ ሻሰም ብላችሁ ሰረዝ ኤ፣ ከዚያ 256። ፓይተን የምትጽፉ ደግሞ ሃሽሊብ የሚባለው ከፓይተኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ጽሑፉን መጀመሪያ በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀይረው ደንብ፣ ኢንኮድ ማድረግ ብቻ ነው።

በኢንተርኔት ጽሑፍ ለጥፋችሁ ሃሽ የሚያወጡላችሁ ገጾችም ሞልተዋል። ለመማሪያ ይሆናሉ። ምስጢር የሆነ ጽሑፍ፣ የይለፍ ቃል፣ ውል፣ ያልታተመ የጥናት ጽሑፍ ግን እዚያ አትለጥፉ። ለማይታወቅ ሰው አሳልፋችሁ መስጠታችሁ ነው።

አሁን መሞከሪያ ልስጣችሁ። አዲስ ፋይል ከፍታችሁ 7 ቁጥርን ብቻ ጻፉ። ኢንተር አትምቱ፣ ክፍተት አትጨምሩ። ሃሹ 7902 699ቢ ብሎ መጀመር፣ 2451 ብሎ ማለቅ አለበት። እንደዚያ ከሆነ መንገዱ ገብቷችኋል። ካልሆነ ፋይሉ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው።

አንዲት ደግሞ በቃላችሁ ያዙልኝ። ሃሹ ኢ3ቢ0 ሲ442 ብሎ ከጀመረ፣ ያ የባዶ ፋይል ሃሽ ነው። ጽሑፉን ሴቭ ሳታደርጉ ነው ያወጣችሁት። አንድ ሰው የውሉን ሃሽ ነው ብሎ ይህንን ቢልክላችሁ የላከላችሁ የባዶ ወረቀት ሃሽ ነው።

አማርኛ ላይ የሚያታልለው

እኛ የምናነበው ፊደሉን ነው። ሃሽ የሚያነበው ባይቱን ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያስቀምጥባቸውን ትንንሽ ቁጥሮች ማለት ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሦስት ባይት 24 ቢት ነው፤ 24 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ማለት ነው። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ከ24ቱ የሚለያዩት በአንድ ቢት ብቻ ነው። ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ም እንዲሁ፣ አንድ ቢት። ጆሮ አይለያቸውም፤ ብዙ አንባቢም ልብ አይላቸውም። ሃሽ ግን «ሰላም»ንና «ሠላም»ን ምንም እንደማይተዋወቁ ሁለት ጽሑፎች ነው የሚያያቸው። ከ256ቱ የሃሽ ቢቶች በግምት ግማሾቹ ይገለበጣሉ።

ፀሐይ የሚለውን ቃል አስቡት። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ድምፁ ሳይለወጥ 12 ዓይነት አጻጻፍ ወጣው። 12 የተለያየ ሃሽ ማለት ነው። ሰው ስሙን መታወቂያው ላይ በሐመሩ፣ ማመልከቻው ላይ በሃሌታው ጽፎ ሁለቱን በሃሽ ላመሳክር ቢል በከንቱ ይደክማል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ፊደል አይደለም፤ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፦ «።»። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል፦ «፡፡»። ወረቀት ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ መለየት አይቻልም። ባይቱ ሲቆጠር አንዱ 3፣ ሌላው 6 ነው። ሌላው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ይመታል፤ እሱ 2 ባይት ነው። እኔ ፒያሳ ሥራ ስጀምር የተማርኩት «፡፡» እያልኩ መምታት ነበር፤ ከዚያ ልማድ ለመውጣት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንድ ጊዜ የአንድ ዕድር ቃለ ጉባኤ እኔም ተየብኩት፣ ጸሐፊውም ቤቱ ተየበው። ቃል በቃል አንድ ነው። ሃሹ አልገጠመም። ጸሐፊው «አንድ ነገር ጨምረሻል» ብሎ ከፋው። ተቀምጠን ስንፈትሽ ልዩነቱ 31 አራት ነጥቦች ሆኖ ተገኘ።

የማይታዩትም አሉ። መጨረሻ ላይ የተመታች ኢንተር እንደ ጽሑፉ አካል ትቆጠራለች። ዊንዶውስ ለአንድ ኢንተር ሁለት ባይት ይጽፋል፤ ሊኑክስና ማክ አንድ። ቃል መካከል ሁለት ክፍተት የገባ እንደሆነ ያም ይቆጠራል። ሊኑክስና ማክ ላይ ኢኮ በሚለው ትእዛዝ ሃሽ የሚያወጡ ሰዎች ሳያውቁት ኢንተር ይጨመርባቸዋል። የእንግሊዝኛው ሄሎ በትንንሽ ፊደል ብቻውን ሲሆን ሃሹ 2ሲኤፍ2 4ዲቢኤ ብሎ ይጀምራል። ኢንተር ሲታከልበት 5891 ቢ5ቢ5 ይሆናል። የእናንተም 5891 ብሎ ከመጣ ኢኮው ላይ ሰረዝ ኤን ጨምሩ፣ ወይም በፕሪንትኤፍ ተኩት።

አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ይህችን ተጠንቀቁ። የድሮው ኖትፓድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የነበረው፣ ዝም ካላችሁት የሚያስቀምጠው አንሲ በሚባለው ነው። አንሲ አማርኛ አያውቅም። ያስጠነቅቃችኋል፤ እሺ ካላችሁት እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ሰላም ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ክፍተት፣ ሁለት ጥያቄ ምልክት ይሆናል። «ደህና ናት»ም ያው ነው የሚሆነው። ሁለት የተለያየ ጽሑፍ፣ አንድ ሃሽ። ሃሹ አልተሳሳተም፤ ጽሑፉ ነው የጠፋው። ስለዚህ ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንግ የሚለውን ቦታ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ቦም ያለበት ዩቲኤፍ-8 የሚል ምርጫ ካያችሁ ተዉት፤ እሱ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማትታይ ሦስት ባይት ይጨምራል። የድሮው ኖትፓድ ግን ዩቲኤፍ-8 ሲባል ራሱ ቦሙን ይጨምራል።

ወርድ ፋይልም አትመኑ። ከፍታችሁ አንድ ፊደል ሳትነኩ ሴቭ ብትሉት፣ ሴቭ የተደረገበት ሰዓት ውስጡ ስለሚመዘገብ ሃሹ ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ነው ፒዲኤፍ ላይ የምሠራው። ፎቶ ከሆነ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፤ የሚደርሰው ሌላ ፋይል ነው። እንደ ፋይል ላኩት፤ ሳይነካ ይደርሳል።

ለተተየበ ጽሑፍ እኔ የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር «አንድ ነው» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንስማማለን። ከዚያ ጽሑፉን ኖትፓድ ላይ እለጥፋለሁ። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥቡን ሁሉ በአራት ነጥብ እተካለሁ። ድርብ ክፍተቱን ነጠላ አደርጋለሁ። መጨረሻ ያለችውን ኢንተር አጠፋለሁ። በዩቲኤፍ-8 አስቀምጬ ሃሹን አወጣለሁ። ሰ እና ሠን ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልነካም። ግዕዙን ለሚያውቅ ሰው ሰረቀ ሌባ ያደረገው ነው፤ ሠረቀ ፀሐይ ያደረገችው ነው። ለሃሽ እንዲመቸኝ ብዬ የሰው ቃል አላበላሽም።

ሃሽ አይደብቅም

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

አንድ ሰሞን ሥራቸው ያለቀላቸውን ደንበኞች ዝርዝር በቴሌግራም ቻናሌ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ስም መለጠፍ ነውር ነው፤ ስልክ ቁጥርም እንዲሁ። ስለዚህ የየሰዉን ስልክ ቁጥር ሃሽ አውጥቼ 40 ሃሽ ለጠፍኩ። ወደ ኋላ አይመለስም ተብሏል፤ እንግዲህ ተደብቋል ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መጣ። ደንበኛዬ ነው። ወረፋው እስኪቀንስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ቢያነሱት» አለና የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። 40ውም ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። የሱም አለበት። «ስንት ቀን ፈጀብህ?» አልኩት። «አራት ደቂቃ አይሞላም» አለኝ።

አደራረጉን አስረዳኝ። ሃሹን ወደ ኋላ አልመለሰውም። የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር 09 ወይም 07 ብሎ ይጀምርና 8 አኃዝ ይከተለዋል። ጠቅላላ 200 ሚሊዮን ነው። ተራ ላፕቶፕ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሃሽ ያወጣል። ሁሉንም ቁጥር በተራ እያስገባ ሃሹን ከእኔ ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል። 200 ሰከንድ። አለቀ።

ዝርዝሩን ወዲያው አነሳሁ። 40ውንም ሰዎች ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዷ በጣም ተቆጣችኝ፤ ልክ ነበረች።

ይህ ሁሉም አጭር ነገር ላይ ይሠራል። የልደት ቀን፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር። የፋይዳው 12 አኃዝ ብዙ ይመስላል፤ ግራፊክስ ካርድ ላለው ሰው ግን ብዙ አይደለም። ተገምቶ ሊያልቅ የሚችል ነገር ሃሽ ሆነ ማለት ተደበቀ ማለት አይደለም። አሁን ለደንበኞቼ በዕጣ የወጣ ስድስት ፊደል ያለው መለያ ወረቀት ላይ እሰጣለሁ። ከስልካቸው ጋር ዝምድና የለውም፤ ሃሽም የለበትም። የግድ ከስልክ ቁጥር የሚነሳ መለያ የሚያስፈልጋችሁ ፕሮግራመሮች ኤችማክ የሚባለውን፣ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚቀላቀልበትን ሃሽ፣ ተጠቀሙ፤ ቁልፉን ግን ከዳታቤዙ ለይታችሁ አስቀምጡ።

የይለፍ ቃል የምታስቀምጡ ደግሞ ሻ-256ን ብቻውን አትጠቀሙ። ጉድለቱ ፍጥነቱ ነው፤ ለገማቹም ይፈጥንለታል። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚሆን የይለፍ ቃል ሃሽ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግፎበት ነበር፤ ሶልት ያልተጨመረበት፣ ሻ-1 የሚባል የድሮ ሃሽ ነበር። ሶልት ጨው ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ ጽሑፍ ከይለፍ ቃሉ ጋር ይቀላቀላል፣ ሁለት ሰዎች አንድ የይለፍ ቃል ቢኖራቸውም ሃሻቸው እንዳይመሳሰል። ለይለፍ ቃል የተሠሩት አርጎን2 ወይም ቢክሪፕት ሶልቱንም ይጨምራሉ፣ ሆን ብለውም ይዘገያሉ። ቢክሪፕት ላይ አማርኛ የሚያስገባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከ72 ባይት በላይ ያለውን አያይም። በእኛ ፊደል 24 ፊደል ነው። 25ኛው ላይ ያለው ምንም ይሁን ምን ያልፋል።

የድሮዎቹ የሃሽ ዓይነቶች፣ ኤምዲ5 እና ሻ-1 ላይ አልቆይም። ኤምዲ5 እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተሰብሯል፤ የቻይና ተመራማሪዎች ሁለት የተለያየ ግብዓት አንድ ሃሽ እንዲሰጡ አድርገው አሳይተዋል። ሻ-1ን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግልና አንድ የአምስተርዳም የምርምር ማዕከል ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች አንድ ሃሽ እንዲኖራቸው አድርገው ሠሩበት። ፒዲኤፍ! የእኔ እንጀራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻ-1 የሚልክልኝን ሰው እንደገና አውጣልኝ እላለሁ።

የእቁባችን ዕጣ

የፒያሳ ነጋዴዎች እቁብ ነበረን። 12 ሰዎች ነን። በየሳምንቱ እሑድ ሻይ ቤት ተሰብስበን፣ ስማችን በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሕፃን ያወጣልን ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተንን። ዳኛችን ጋሼ ሜክሲኮ ሄዱ፤ ሌላው መርካቶ፣ ሌላዋ ገርጂ። እቁቡን ማፍረስ ግን ማንም አልፈለገም። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ዕጣውን በቴሌግራም የምናወጣበትን መንገድ መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው በልቡ ከ1 እስከ 1,000 አንድ ቁጥር ይይዛል። የሁሉም ተደምሮ ገና ዕጣ ባልወጣላቸው ሰዎች ብዛት ይካፈላል። ቀሪው የባለዕጣው ተራ ቁጥር ነው። ድምሩ 4,381 ቢሆንና 12 ሰው ቢቀር፣ ለ12 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ባለዕጣው ቁጥር 1 ነው። ዜሮ ከቀረ የመጨረሻው ሰው ነው። ችግሩ፣ መጨረሻ የሚናገር ሰው የሌላውን ሰምቶ የሚስማማውን ቁጥር መናገር ይችላል። ሃሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ እስከ ማታ 12 ሰዓት ሁሉም የቁጥሩን ሃሽ ይልካል። እሑድ ቁጥሩን ይገልጣል። እኛ ሃሹን አውጥተን እናመሳክራለን። ቅዳሜ ያለውን እሑድ መለወጥ አይችልም።

መጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ሃሽ አድርገን ላክን። ቅዳሜ ማታ ግሩፑን ስመለከት የአንዷ ሃሽ 7902 699ቢ ብሎ ይጀምራል። ከላይ የሰጠኋችሁ መሞከሪያ ነው። ሰባት መያዟን አየሁ። ከ1 እስከ 1,000 ያሉትን ሁሉ አውጥቶ የሁላችንንም ቁጥር የሚያይ ሰው ሊኖር ይችላል። የዚያን ሳምንት ዕጣ ሰረዝነው።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ አንድ ክፍተት፣ ከዚያ ቢያንስ 20 ፊደልና ቁጥር ያለው ትርጉም የሌለው ጽሑፍ። ሁሉም በአንድ መስመር፣ ያለ ኢንተር። ያንን ረጅሙን ከራሳችሁ አታውጡት። ሰው ዘፈቀደ ነው ብሎ የሚጽፈው የልጁን ስም ወይም የሚያውቀውን ተረት ነው። የይለፍ ቃል መያዣ መተግበሪያው እንዲያወጣላችሁ አድርጉ። ጋሼ መተግበሪያ አልወድም ስላሉ በዳይስ ነው የሚያወጡት። 50 ጊዜ ይጥሉና የወጣውን በተርታ ይጽፋሉ። ያ ከበቂ በላይ ነው። መስመሩን ወረቀት ላይም ገልብጡት፤ ፋይሉ ከጠፋ እሑድ የምትገልጡት አይኖርም።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሌሎቹ ከገለጡ በኋላ መጨረሻ የቀረው ሰው ድምሩ ካልጣመው «ጠፋብኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ተስማምተናል፦ ያልገለጠ ሰው የዚያን ሳምንት ዕጣ ውስጥ አይገባም፣ የቀረነው ደግሞ በአዲስ ቁጥር ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ይህ ሃሽ የሚፈታው አይደለም፤ የደንብ ጉዳይ ነው።

ሃሽ ስታመሳክሩ 64ቱንም አመሳክሩ። የመጀመሪያዎቹን 8 ብቻ አይቶ «ገጥሟል» የሚል ሰው አለ። ለስህተት ያህል ይበቃል። ሆን ብሎ ለሚያታልል ሰው ግን አይበቃም፤ 8ቱ 4.3 ቢሊዮን ምርጫ ነው፣ ያው ላፕቶፕ ከሰዓት ብዙም ሳያልፍ የሚመሳሰል ያገኛል። ሃሹንና ፋይሉንም በአንድ መንገድ አትላኩ። የቴሌግራም አካውንታችሁን የያዘ ሰው ፋይሉን ለውጦ ሃሹንም አብሮ ይለውጣል። ፋይሉን በቴሌግራም፣ ሃሹን በስልክ ወይም ወረቀት ላይ።

በስልክ ስትነጋገሩ ኤ እና ኢ ይምታታሉ። ዲ እና ቢም እንዲሁ። እኛ አራት አራት እየከፈልን፣ ፊደሎቹን በስም እንጠራቸዋለን፦ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሲኒማ፣ ደሴ፣ ኢትዮጵያ፣ ፋሲል። ባለፈው ቅዳሜ የጋሼ ዳታ አልሠራም ብሎ ደወሉልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡልኝ። እኔ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ መልሼ አነበብኩላቸው። 15ኛው ምድብ ላይ «አዳማ ነው ያልሽኝ? ኢትዮጵያ ነው ልጄ» አሉኝ። አረምኩት። «የመጨረሻው፣» አሉ፣ «ደሴ፣ 4፣ 4፣ ባሕር ዳር።»